ጠቡን ፈታትቶ መመዘን፦ በሥራ ቦታ የጾታ ማንነት ግጭት ሲነሳ የሥነ ምግባር ንድፈ ሐሳቦች እንዴት ይሠራሉ?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ ሆቴሎች፣ የመኪና ማቆሚያዎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ውስጥ ሺፍት የሚያወጣው፣ ቅሬታ የሚሰማው፣ ለኤች አር (ለሰው ኃይል ክፍል) ወረቀት የሚያስገባው ሰው ብዙ ጊዜ አበሻ ነው። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሱፐርቫይዘር ነው። አንዱ ሠራተኛ መጥቶ "ከእንግዲህ በዚህ የሴት ስም ጥሩኝ" ይላል፤ ሌላዋ ተከትላ "ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም" ትላለች፤ መሀል ላይ እርስዎ ቆመዋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ምሳሌው ለማስረዳት የተፈጠረ ነው። ዲሲ ውስጥ ባለ ሆቴል በክፍል ጽዳትና በልብስ ማጠቢያ 38 ሠራተኞች አሉ፤ ከእነሱ 22ቱ ሴቶች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ አማርኛ ይናገራል። ከልብስ አጣቢዎቹ መካከል "ሀ" የምንላቸው ሠራተኛ አራት ዓመት በወንድ ስም ሠርተዋል። አሁን ሴት መሆናቸውን፣ ስማቸውን መቀየራቸውንና የሴቶቹን መልበሻ ክፍል መጠቀም እንደሚፈልጉ ተናገሩ። "ለ" ደግሞ 11 ዓመት እዚያው የሠሩ ሃይማኖተኛ ሠራተኛ ናቸው። እሳቸውም "ሰው አልሰድብም፤ ግን የማላምንበትን በአፌ አልናገርም፣ ሀ ባሉበትም ልብሴን አላወልቅም" ብለው አመለከቱ። በሦስተኛው ቀን የሠራተኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሀ የድሮ ፎቶ ከሳቅ ምልክት ጋር ተለጠፈ።

ሁለቱንም በአንቱታ የጠራናቸው ሆን ብለን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ አጠራሩ ስንመጣ ይገለጣል።

ከንድፈ ሐሳቡ በፊት፦ ጠቡን መፈታታት

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው ቅሬታውን እንደሰማ "መብት ወይስ ሃይማኖት?" ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ አንዱ ወገን መሸነፍ አለበት፣ የትኛውም ፈላስፋ አያድንዎትም። በምሳሌያችን ውስጥ ያሉት ግን አምስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፦ ስም፣ አጠራር (አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ)፣ መልበሻ ክፍል፣ የሀ ምስጢርና የመዝገብ ጉዳይ፣ በመጨረሻም የቴሌግራሙ ፎቶ። ለአምስቱ አምስት ወረቀት ያውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ማን ምን እንደጠየቀ በራሱ ቃል ይጻፉ። ሲጨርሱ ሁለቱ ሰዎች በእውነት የሚጋጩት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ብቻ ሆኖ ያገኙታል።

ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ቅሬታው ከመጣ በሁለት ቀን ውስጥ ይሁን። ንግግሩ በአማርኛ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉት፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ከሥሩ ያስቀምጡ። "አልፈልግም" እና "አልችልም" በትርጉም ጊዜ ይምታታሉ፤ ጠበቃ ፊት ደግሞ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ሀን "ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ? ከመቼ ጀምሮ? ማን ይወቅ?" ብለው ይጠይቁ። ስለ ሰውነት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ቀዶ ጥገና አይጠይቁ፤ የዲሲ ደንብ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በትንኮሳ ምሳሌነት ይጠቅሰዋል። ለን "ምኑ ነው የሚከብድዎ፣ ቃሉ ነው ወይስ ክፍሉ?" ይበሏቸው። ይህች አንዲት ጥያቄ የጠቡን ግማሽ ትፈታለች።

ሁለት ነገር ያስወግዱ። አንደኛው ሁሉንም ሠራተኛ ካፍቴሪያ ሰብስቦ ማወያየት ነው። የአንድ ሰው ማንነት የስብሰባ አጀንዳ ከሆነ በኋላ መመለሻ የለውም። ሁለተኛው ለእኛ የቀረበው መንገድ ነው፤ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ጠርቶ ማስታረቅ። ሽምግልና የሚያስተምረው ትልቅ ጥበብ አለ፤ ተጣዪዎችን መጀመሪያ ለየብቻ መስማት። እሱን ይውሰዱ። ሽማግሌዎቹን ግን ሥራ ቦታ አያምጡ። የሀን ጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ለሚገኝ ሰው መንገር ራሱን የቻለ በደል ነው፤ "በቃ ይቅር ተባባሉ" ተብሎ የሚያልቅ ዕርቅም መልበሻ ክፍሉን እንዳለ ይተወዋል።

አጥሩ፦ ሕግ

ሥነ ምግባር የሚመርጠው ሕግ ከፈቀዳቸው አማራጮች መካከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥሩን ይለኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 15፣ 2020 ቦስቶክ በሚባለው ጉዳይ፣ ሠራተኛን ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የተለየ) በመሆኑ ማባረር በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተከለከለ የጾታ አድልዎ ነው ብሎ 6 ለ3 ወስኗል። አብረው ከታዩት ጉዳዮች አንዱ በሚሺጋን የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ውስጥ ትሠራ የነበረችው ኤሚ ስቲቨንስ ናት፤ ከእንግዲህ በሴትነቷ ለብሳ እንደምትሠራ በደብዳቤ ካሳወቀች ከሁለት ሳምንት በኋላ ተባረረች። ልብ ይበሉ፤ ፍርዱ ስለ መጸዳጃና መልበሻ ክፍል አልወሰነም፣ ይህን በግልጽ ትቶታል። በሌላው በኩል ሰኔ 29፣ 2023 በግሮፍ ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ጥያቄ እምቢ ማለት የሚችለው ለድርጅቱ ከፍተኛ ተጨማሪ ጫና ሲያስከትል ብቻ ነው ብሏል። ባልደረቦች ሃይማኖቱን ስለጠሉ ብቻ ጫና ተፈጠረ አይባልም። ስለዚህ ሀም ለም የሚቆሙበት መሬት አላቸው።

የፌዴራሉ ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ነው። በ2025 የፌዴራሉ የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን አቋሙን ቀይሮ ስለ ትራንስጀንደር ሠራተኞች ያቀረባቸውን ክሶች ማንሳት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ኮሚሽኑ በ2024 ካወጣው የትንኮሳ መመሪያ ስለ ጾታ ማንነት የሚናገረውን ክፍል ሰረዙ። ቦስቶክ ግን አልተሻረም፣ የአካባቢ ሕጎችም አልተነኩም። የዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የጾታ ማንነትን ከ2006 ጀምሮ በስም ይጠብቃል፣ የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፣ ሃይማኖትንም እንደዚሁ ይጠብቃል። ደንቡ ሠራተኛው ከጾታ ማንነቱ ጋር የሚስማማውን መጸዳጃና መልበሻ እንዲጠቀም ያዛል። ሜሪላንድ በ2014፣ ቨርጂኒያ በ2020 የጾታ ማንነትን በሕጋቸው አስገብተዋል። ለንደን ያለ አንባቢ ደግሞ አጥሩ ሌላ መሆኑን ይወቅ። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 16፣ 2025 በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ "ጾታ" ማለት ሥነ ሕይወታዊ ጾታ ነው ብሏል፤ ትራንስጀንደር ሰዎች ግን ከአድልዎና ከትንኮሳ የሚጠበቁበት ሌላ አንቀጽ በዚያው ሕግ ውስጥ እንዳለ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በዲሲ አጥር ውስጥ የተሠራ ነው።

ስምና አጠራር፦ የካንት ሚዛን

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1785 ያቀረባቸው ሁለት መፈተኛዎች ለሥራ ቦታ ይመቻሉ። አንደኛው፦ የምትሠራበት ደንብ የሁሉም ሰው ሕግ ቢሆን ትቀበለዋለህ? ሁለተኛው፦ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ እየተጠቀምክበት ነው?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ወገን ጥያቄ ስም የሌለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት። የሀ፦ "ማንም ሰው በሥራ ቦታ የእኔ አይደለም ባለው ስም አይጠራ።" የለ፦ "ማንም ሰው የማያምንበትን እንዲናገር በእንጀራው አይገደድ።" ሁለቱንም ለሁሉም ሰው ሕግ ያድርጓቸው። ሁለቱም ያልፋሉ። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ "ካንት አልሠራም" ብሎ ይጥለዋል። የሠራው ግን ብዙ ነው፤ ሁለቱም ጥያቄ ክብር ያለው መሆኑን አሳይቷል፣ የሚጋጩበትንም ቦታ አጥብቧል። ዓረፍተ ነገሩን አስፍተው "ሰው እንደፈለገ ይሁን" ወይም "ሃይማኖት ይከበር" ብለው ከጻፉት ግን ምንም አይለይልዎትም።

ስሙን እንመልከት። እኛ እንደምናየው ሰውን በመረጠው ስም መጥራት የእምነት ምስክርነት አይደለም። አበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ አሜሪካ ሲመጣ ፈረንጅ እንዲመቸው ያሳጠረው ስም አለው፤ በየትኛውም ብንጠራው ስለ እሱ የሃይማኖት መግለጫ አልሰጠንም። ለም በአብዛኛው ስሙን ይቀበላሉ፤ ካልተቀበሉ የእምነታቸው የትኛው ክፍል እንደሚነካ በትክክል ያስረዱ። ስለዚህ የስሙ ወረቀት ይዘጋል፤ የስም ባጁ፣ የሺፍት ሰሌዳውና የሎከሩ ጽሑፍ ይቀየራሉ። የደመወዙ ቅጽ፣ ማለትም ደብልዩ ቱ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር መግጠም ስላለበት ሀ ስማቸውን በሕግ እስኪያስቀይሩ የድሮውን ይዞ ይቆያል። የድሮ ስም ያለበትን ወረቀት ፔይሮል ብቻ ይየው። የደመወዝ ማስረጃ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ የሚታደልበት ቤት ከሆነ ይህን ልማድ ዛሬውኑ ያቁሙ።

አጠራሩ ግን ከባድ ነው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ወንድም ይሁን ሴት በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ስለዚህ የፈረንጆቹ ክርክር በአብዛኛው ሰውየው በሌለበት ስለሚነገረው "እሱ" እና "እሷ" ነው። አማርኛ ዓይን ለዓይን እየተያዩም ጾታ ይጠይቃል። "ፎጣውን አምጣ" ወይም "ፎጣውን አምጪ" ነው፤ ግሱ ራሱ ይመሰክራል። "በላህ?" "በላሽ?" "ገባህ?" "ገባሽ?" እያለ የስምንት ሰዓት ሺፍት ይሞላል። ዝም ብሎ ተውላጠ ስሙን መዝለል የሚባለው የእንግሊዝኛ ዘዴ እዚህ ቦታ የለውም። መጥሪያዎቹም ቢሆኑ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጋሼ፣ እትዬ ናቸው።

ግን አማርኛ የሰጠን መውጫም አለ፤ አንቱታ። "ፎጣውን ያምጡ"፣ "በሉ?"፣ "እሳቸው ወጥተዋል" ጾታ አይለይም። ሀም አይዋረዱም፣ ለም የማያምኑበትን አይናገሩም። ይህ ጽሑፍ እስካሁን ሁለቱንም የጠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሀን በየትኛው ጾታ እንደጠራን ለመለየት መለስ ብለው ቢያነቡ አያገኙትም።

ችግር የለውም ማለት ግን አይደለም። እኩያን አንቱ ማለት በእኛ ዘንድ ኩርፊያ ወይም ፌዝ ሊመስል ይችላል፤ ሃያ አራት ዓመት የሆነውን ሰው "ይምጡ እስቲ" ሲሉት የቃናው ነገር ሁሉን ይለውጠዋል። ከሁሉ በላይ ሀን ብቻ አንቱ ብሎ ሌላውን ሁሉ "አንቺ" ማለት ከስድብ ብዙም አይርቅም። ኢንዲያና ውስጥ ብራውንስበርግ በሚባል ከተማ አንድ የሙዚቃ መምህር ትራንስጀንደር ተማሪዎችን በስማቸው ላለመጥራት ሲሉ ሁሉንም ተማሪ በአባት ስም ብቻ እንዲጠሩ ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ነበር። ለሁሉም እኩል ቢሆንም ተማሪዎቹ ምክንያቱን ነቁበት፣ ቅሬታ መጣ፣ ፈቃዱ ተነሣ፣ መምህሩ በ2018 ሥራ ለቀቁ፣ ሙግቱም ዓመታት ፈጀ። ለአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም። ስለዚህ አንቱታ የሚሠራው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ ለ በሺፍቱ ያለውን ሁሉ አንቱ ካሉ፣ ቃናቸው እንደ ወትሮው ከሆነ፣ ሀም አስቀድመው ተጠይቀው "ይሁን" ካሉ። ሀ እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን ይስሙ፤ "ከሌሎቹ ሴቶች ተለይቼ እንግዳ ሆንኩ" ካሉ ክርክሩ እውነት አለው። እንዲህ ሲሆን ሰው የማይጠራበትን አነጋገር ይሞክሩ፦ "ፎጣ አልቋል"፣ "ሦስተኛ ፎቅ ይጠበቃል"። ሥራ ላይ የሚነገረው ነገር ብዙው እንዲህ ሊነገር ይችላል።

አጠራርን ሆን ብሎ እየደጋገሙ ማሳሳት ሌላ ነገር ነው። የዲሲ ደንብ ይህንንም ከትንኮሳ ምሳሌዎች ቆጥሮታል፤ ካንትም በሁለተኛው መፈተኛ ይጥለዋል፤ ምክንያቱም ሀ የሰው ሐሳብ ማሳያ መሣሪያ ተደርገዋል። ምላስ ስቶ "አምጣ" ማለት ግን ከዚህ አይቆጠርም። አራት ዓመት የለመደ አፍ ይስታል፤ "ይቅርታ" ብሎ ማረምና ማለፍ ይበቃል፤ ረጅም ይቅርታ ሀን ይበልጥ ያሳቅቃቸዋል።

መልበሻ ክፍሉ፦ ውጤትን መቁጠር

ድርጊትን በውጤቱ የሚመዝነው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ደስታንና ሥቃይን ስንለካ በርካታ ነገር እንድንጠይቅ አዝዟል። ለሥራ ቦታ አራቱ ይበቃሉ፤ ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ መድረሱ ምን ያህል እርግጥ ነው፣ ስንት ሰው ይነካል። ወረቀቱን በአራት ዓምድ ከፍለው አማራጮቹን ወደ ታች ይደርድሩ፦ ሀ በወንዶቹ መልበሻ ይቆዩ፤ ሀ ዕቃ ማራገፊያው ጋ ያለውን ለአንድ ሰው የተሠራ መጸዳጃ ይጠቀሙ፤ ሀ ወደ ሴቶቹ ይግቡ ምንም አይቀየር፤ ሀ ይግቡ፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም ሊጠቀምበት የሚችል መጋረጃ ያለው መልበሻ ይሠራ።

ብዙ ኃላፊ የሚቸኩለው ወደ ሁለተኛው ነው። ለሁሉም የሚበጅ ስለሚመስል ጠጋ ብለን እንየው። ከልብስ ማጠቢያው እስከ ዕቃ ማራገፊያው 3 ደቂቃ ያስኬዳል እንበል። ደርሶ መልስ 6 ነው። በሺፍት አራት ጊዜ ቢኬድ 24 ደቂቃ። የምሳ ዕረፍቱ 30 ደቂቃ ነው። ወንበር የለውም፣ ሎከር የለውም፣ በሩ ላይ ሹፌሮች ይሰለፋሉ፤ ሀም ወደዚያ በሄዱ ቁጥር ለምን እዚያ እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል። ክብደቱ መካከለኛ ነው ቢባል እንኳ ቆይታው በየቀኑ፣ እርግጠኝነቱ ሙሉ ነው። በዲሲ ደግሞ ሰውን ያለ ፈቃዱ ወደዚያ መላክ ከአጥሩ ውጭ ነው፤ የመጀመሪያውም አማራጭ እንዲሁ። ሀ ራሳቸው መርጠው ቢሄዱ ግን ማንም አይከለክላቸውም።

የለን ጭንቀትም በዚሁ ወረቀት ይቁጠሩት። "አጉል ነው" ብለው ካለፉት ስሌቱ ስሌት መሆኑ ይቀራል። ልብስ ሲያወልቁ መሳቀቅ እውነተኛ ሥቃይ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ልዩነቱ መጋረጃ ሙሉ ለሙሉ ሊያስቀረው መቻሉ ነው። የሀን 24 ደቂቃ ግን መጋረጃ አያስቀረውም። አራተኛው አማራጭ የሚያሸንፈው በዚህ ነው። ምን ዓይነት መጋረጃ? ከወለል አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለ፣ ወፍራም፣ በሐዲድ የሚሳብ፣ ውስጡ መስቀያና መቀመጫ ያለው፤ ለ22 ሴት በሺፍት መግቢያ ሰዓት ሰልፍ እንዳይኖር ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት። ከሁሉ በላይ "ለ" ወይም "ሀ" የሚል ስም እንዳይለጠፍበት። የፈለገ ሁሉ ይገባበታል።

በዚህ ሚዛን የሚሠራው ትልቁ ስህተት ራስ መቁጠር ነው። "19 ሰው አይፈልግም፣ አንድ ሰው ይፈልጋል" ማለት የድምፅ ብልጫ እንጂ የውጤት ስሌት አይደለም። የቤንታምን መንገድ የተከተለው ጆን ስቱዋርት ሚል ራሱ የብዙኃን ስሜት በአንድ ሰው ላይ ሲጫን ጨቋኝ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለ ብቻቸውን ቢሆኑም ያው ነው፤ ሁሉም ሠራተኛ ለን "ኋላ ቀር" ብሎ ቢያገልላቸው ቁጥሩ ትክክል አያደርገውም።

ዝም ያሉት

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ካሮል ጊሊጋን በ1982 የጀመረችው የእንክብካቤ ሥነ ምግባር መርሕ ከመፈለጉ በፊት "ማን ከማን ጋር ነው ያለው? ያልተሰማው ማን ነው?" ይላል። እዚህ ላይ የሚገኘው ነገር ያስገርማል። ከ22ቱ ሴቶች መካከል ሂጃቧን ማንም ፊት ማውለቅ የማትፈልግ አለች፤ መጸዳጃ ውስጥ ቆልፋ ነበር የምትለብሰው። ጡቷ የተቆረጠ፣ ማንም እንዲያያት የማትፈልግ ልትኖር ትችላለች። ወንድ የበደላት ልትኖርም ትችላለች፤ ይህን ጠይቀው አያገኙትም፣ እንዲኖር ግን አስበው ያቅዱ። መጋረጃው ለእነዚህ ሁሉ የዘገየ መፍትሔ ነበር። ለሴቶቹ ሁሉ ለየብቻ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ፦ "መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ምን ቢስተካከል ይመችሻል?" ስለ ሀ አይጠይቁ። የሰው ማንነት ላይ የሚሰጥ ድምፅ የለም፤ ስለ መንጠቆና ስለ መጋረጃ ግን ሁሉም ያገባዋል።

ቴሌግራሙ

ለዚህ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም። ስክሪን ሾት ይያዝ፣ ሰዓቱና የለጣፊው ስም ይመዝገብ፣ ፎቶው በዚያው ቀን ይነሣ፣ የለጠፈው ሰው ድርጅቱ ባለው የትንኮሳ ደንብ ይጠየቅ። "ግሩፑ የግል ነው" የሚል መልስ ይመጣል፤ የሺፍት ለውጥ የሚነገርበት ግሩፕ የሥራ ቦታ ነው። ለ እንዳደረጉት አድርገው አይገምቱ። እምነታቸውን በጨዋነት የተናገሩ ሰው የሌላ ሰው ጥፋት ሲለጠፍባቸው ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በለ ሃይማኖት ላይ ያፌዘም በዚያው ደንብ ይጠየቅ።

የተሸነፈው ግዴታ ዕዳ ይተዋል

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሮስ በ1930 ያለው ነገር ለሥራ ቦታ ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል። ሰው ብዙ ግዴታ በአንድ ጊዜ አለበት፤ ቃል መጠበቅ፣ በደልን መካስ፣ ውለታ መመለስ፣ ፍትሕ፣ አለመጉዳት። ሲጋጩ በዚያ ጉዳይ ላይ የከበደው ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ግን አይጠፋም። ኃላፊዎች የሚስቱት ይህን ነው። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ "በቃ አለቀ" ብለው ይሄዳሉ፣ የተሸነፈውም ወገን ቂም ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ከውሳኔው ሥር አንድ መስመር ያስምሩና "ለማን ምን ቀረብን?" ብለው ይጻፉ። ለ 11 ዓመት አገልግለዋል፤ ሳይጠየቁ ነገሩ ተቀይሮባቸዋል። ሎከራቸው ከመጋረጃው አጠገብ ይሁን፤ ሺፍት መቀየር ከፈለጉ ቅድሚያ ይሰጣቸው፣ ግን ራሳቸው ሲጠይቁ ብቻ፣ ሰዓታቸውም ሳይቀንስ። "አምናለሁ" የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ የሚፈርሙት "እንዲህ አደርጋለሁ" በሚለው ላይ ይሁን። ለሀ ደግሞ ፎቶው ሦስት ሰዓት ተለጥፎ በመቆየቱ ድርጅቱ ይቅርታ ይበላቸው፣ በጽሑፍ።

የኃላፊው ጠባይ

አሪስቶትል በጎነትን በሁለት ጉድለቶች መካከል ያስቀምጣል። በእኛ አካባቢ ያለው አንዱ ጉድለት ይሉኝታ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሁለቱንም ላለማስቀየም ለሀ "እንዳሉት ይሆናል"፣ ለለ "አይዞዎ፣ እኔ አለሁ" ይላል። ሁለቱ ቃሎች በሳምንት ውስጥ ይጋጫሉ፣ ሰውየውም ውሸታም ይሆናል። ሌላው ጉድለት አንዱን በሁሉ ፊት መገሠጽ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይናገሩ፤ የሚናገሩትን አስቀድመው ጽፈው ያንብቡት።

ውሳኔው ከመጻፉ በፊት ፈላስፋው ጆን ራውልስ "የድንቁርና መጋረጃ" ያለውን፣ ማለትም የማን ቦታ እንደሚደርስዎ ሳያውቁ መወሰንን፣ እንዲህ ይጠቀሙበት። አራት ቁራጭ ወረቀት ላይ "ሀ"፣ "ለ"፣ "ሂጃብ የምትለብሰው"፣ "ሱፐርቫይዘር" ብለው ይጻፉ፣ ያጣጥፉ፣ አንዱን ያውጡ። በወጣው ሰው ቦታ ሆነው ውሳኔውን ጮክ ብለው ያንብቡት። የሚያንቅዎት ዓረፍተ ነገር ካለ ያርሙት፣ ከዚያ ሌላውን ያውጡ። አራቱም እስኪያልቁ ይቀጥሉ፤ የወደዱት ሲወጣ ማቆም የለም።

የማስታወቂያው ጽሑፍና ከዚያ በኋላ

ውሳኔው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ለሁሉም ሠራተኛ የሚለጠፈው ደግሞ የማንንም ስም አያነሣም። ለምሳሌ፦

"ከሰኞ ጀምሮ በሴቶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንኛዋም ሠራተኛ የምትጠቀምባቸው መጋረጃ ያላቸው ሦስት መልበሻዎች ይኖራሉ። ሠራተኞች ሁሉ በባጃቸው ላይ በተጻፈው ስም ይጠራሉ። በሥራ ግሩፕ ላይ የባልደረባን ፎቶ ያለ ፈቃድ መለጠፍ ክልክል ነው። በሃይማኖትም ሆነ በጾታ ማንነት ላይ ማፌዝ ክልክል ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ለኤች አር በጽሑፍ ወይም በቃል ያቅርብ፤ ቅሬታ በማቅረቡ አይቀጣም።"

መጥፎው ጽሑፍ ምን ይመስላል? "አንድ ባልደረባችን ባደረጉት የማንነት ለውጥ ምክንያት..." ብሎ ይጀምራል። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማያውቀውም ነገረው ማለት ነው።

ለሁለቱም የማመልከቻ ጊዜያቸውን ይንገሯቸው፤ መንገር ግዴታዎ ባይመስልዎትም መደበቅ ያስጠይቃል። ለፌዴራሉ ኮሚሽን 180 ቀን ነው፣ የአካባቢ ኤጀንሲ ባለበት 300 ቀን፤ ለዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አንድ ዓመት።

ከ30 ቀን በኋላ ሁለቱን እንደገና ለየብቻ ያግኙ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። "እንዴት ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ አበሻ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው፤ ስለዚህ ከመልሱ ይልቅ የሺፍት ሰሌዳውን ይዩ። ሀ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠሩ የነበሩት አሁን 32 ሆኗል? ለ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታምመው ቀርተዋል? ከሁለቱ ጋር ሺፍት መግባት የማይፈልግ ሰው ስሙን እያስወጣ ነው? ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከአምስቱ ወረቀቶች የትኛው እንደተከፈተ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የአጠራሩ ነው። እሱን ብቻ አውጥተው ከካንቱ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ፤ የተዘጉትን አራቱን አይንኩ።